የባዳቾኝን ወይን ጠጅ ከተራራው ጀምሮ መቅመስ

ሃንጋሪ ውስጥ ወዳለው ወደ ባላቶን ሐይቅ የሚወርድ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚቸኩለው ለብርጭቆው ነው። እኔ ግን ሰው ይዤ ወደ ባዳቾኝ ስሄድ በቅድሚያ የማስጨብጠው ጥቁር ድንጋይ ነው።

ከቡዳፔስት በባቡር ይሂዱ። ሐዲዱ የሐይቁን ሰሜናዊ ዳርቻ ይዞ ስለሚሄድ ተራሮቹ ተራ በተራ ይታያሉ። ደግሞም የሃንጋሪ ሕግ ለአሽከርካሪ አንዲት ጠብታ አልኮል አይፈቅድም።

ባዳቾኝ ቁመቱ 438 ሜትር ገደማ የሆነ፣ አናቱ ጠፍጣፋ ተራራ ነው። ከሥር የጥንቱ የፓኖኒያ ባሕር ትቶት የሄደው አሸዋና ሸክላ አለ፤ ከላይ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁሩ ድንጋይ፣ ባዛልት፣ እንደ ድስት ክዳን ገጥሞበታል። ዙሪያው ያለውን ልል አፈር ውኃና ነፋስ ሲጠርጉት ክዳን ያለው ተረፈ። ወይኑ የሚበቅለው ግን አናቱ ላይ ሳይሆን ከወገቡ በታች፣ ተንከባሎ የወረደው ባዛልት ከሸክላውና ከአሸዋው ጋር በተደባለቀበት ቦታ ነው። ሽቅብ ሲወጡ ከእርከኖቹ ካብ አጠገብ ቆም ይበሉ። ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ መዳፍዎን ድንጋዩ ላይ ቢያሳርፉ የቀኑ ሙቀት ገና አልወጣለትም።

አሁን ዞር ብለው ሐይቁን ይመልከቱ። ርዝመቱ 77 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ ግን ከ3 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ቶሎ ይሞቃል፤ በመከርም ሙቀቱን ቀስ እያለ ለዳርቻው ይመልሳል። ወደ ደቡብ የዞረው ተዳፋት ብርሃን ከሰማይም ከውኃውም ያገኛል። የሰሜኑን ቀዝቃዛ ነፋስ የባኮኝ ተራሮች ይጋርዱለታል።

ለቅምሻው ኦላስሪዝሊንግ ከሚባለው ነጭ የወይን ዝርያ ሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን ያስቀዱ፦ አንዱ ከባዳቾኝ፣ ሌላው በዚያው ዳርቻ ወደ ምሥራቅ ካለው ከቾፓክ። የቾፓክ መሬት ቀይ የአሸዋ ድንጋይና ኖራማ ሸክላ ያለበት ነው። «ሳራዝ» ብለው ይዘዙ፤ ጣፋጭ ያልሆነውን ያመጡልዎታል። ሁለቱም የአንድ ዓመት ምርት ይሁኑ። አንደኛው በአዲስ የኦክ በርሜል የቆየ ከሆነ የሚቀምሱት አፈሩን ሳይሆን እንጨቱን ነው። ኦላስሪዝሊንግ መጨረሻው ላይ እንደ አልመንድ መረር ይላል፤ ይህ የዝርያው ጠባይ ነው። ልዩነቱን ከዚያ በፊት ይፈልጉት። ለእኔ ምላስ የባዳቾኙ ሞላ ብሎ ጨው ጨው ይላል፤ የቾፓኩ ቀለል ብሎ ኮምጠጥ ይላል።

ኬክኜሉ የሚባለው ነጭ የወይን ዝርያ የመጨረሻው ይሁን። ከዚህ አካባቢ ውጪ እምብዛም አይገኝም፤ ጠባዩም አስቸጋሪ ነው። አበባው ራሱን በራሱ ማዳቀል ስለማይችል ሌላ ዝርያ፣ በልማድ ቡዳይ ዞልድ የሚባለው፣ አብሮት ይተከላል። በአበባው ሰሞን አየሩ ከከፋ ዘለላው ፍሬ ሳይዝ ይቀራል። ትርፍና ኪሳራውን ያሰላ ገበሬ ይነቅለዋል፤ ብዙዎችም ነቅለውታል። እስካሁን ያቆየው የባዳቾኝ ሰዎች እልህ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ገና ለጋ ሳለ ዝምተኛ ስለሆነ በጠርሙስ ጥቂት ዓመታት የከረመውን ይጠይቁ። በረዶ ሆኖ ከቀረበልዎት ብርጭቆውን በመዳፍዎ ይዘው ይታገሡ፤ 12 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይናገራል።

ቀትር ላይ ሙቀቱ ከበረታ እንደ አገሬው «ፍሮች» ይጠጡ። 1 ዴሲ ሊትር ወይን ጠጅ በ1 ዴሲ ሊትር ሶዳ ሲቀላቀል «ኪሽፍሮች» ይባላል። ለዚህ ተራው ኦላስሪዝሊንግ ይበቃል። ኬክኜሉን በሶዳ ቀላቅሉልኝ ያሉ እንደሆነ ግን የአስተናጋጁ ፊት ይጠቁርብዎታል።