ሎሽኔን ከሻጋታ ያዳነው ፒኤች (የአሲድነት ልክ) ነበር

በእሬት ውሃና በሺያ ቅቤ የምሠራው ሎሽን በ9ኛው ቀን ክዳኑ ሥር ጥቋቁር ነጠብጣብ ያወጣል፤ ሲከፈት እርጥብ ጨርቅ ይሸታል። መጀመሪያ ቫይታሚን ኢ ጨመርኩ። ምንም! ለካ እሱ ዘይቱ እንዳይበላሽ እንጂ ለሻጋታ አይሆንም። ፍሪጅም ትንሽ አቆየው እንጂ አላዳነውም። ከዚያ ለ200 ግራም ሎሽን 1 ግራም ሶዲየም ቤንዞኤት (ሻጋታ የሚከላከል ማቆያ ዱቄት) ውሃው ውስጥ አሟሟሁ፣ አሁንም ሻገተ። ደፋሁት። ሦስት ሳምንት የበላኝ ይሄ ነው።

እንደገና ሠርቼ በፒኤች ወረቀት ስለካው 6.5! ቤንዞኤት ደህና የሚሠራው አሲዳማ ሲሆን ነው፣ ከ5 በታች። ሲትሪክ አሲድ በውሃ በጥብጬ ጠብ እያደረግኩ፣ እያማሰልኩ፣ እየለካሁ 4.8 ላይ አቆምኩ። ሁለት ወር ሆነው፣ ነጠብጣብም ሽታም የለም። ቢሆንም ጥቂት ጥቂት ነው የምሠራው።

ቤንዞኤቱን በማንኪያ እንዳትገምቱ፤ 0.1 ግራም የሚለይ ሚዛን ያዙ፣ ሲበዛ ቆዳ ያስቆጣል። ውሃ የሌለበት ቅባት ብቻ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ ጣጣ የለበትም።