ሲቪያችሁ ላይ ሥራችሁ ይታይ፦ ለአዲስ ሲቪል ኢንጂነሮች

አዲስ ተመራቂዎች የሚልኩትን ሲቪ ሳነብ አንድ ነገር ሁሌ ያሳዝነኛል። ልጁ ኢንተርንሺፕ ላይ ወራት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ፌሮ (የኮንክሪት ብረት) ሲቆጥር፣ ካሳፎርማ (ኮንክሪት የሚፈስበትን ቅርጽ ማውጫ) ሲለካ፣ ከፎርማን ጋር ሲከራከር ከርሟል። ሲቪው ላይ ግን «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ ጫናን የምቋቋም» ብሎ አለፈው። ያንን ሁሉ ልፋት የት አደረሰው?

ስለዚህ ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት አውጡና በእጃችሁ የሠራችሁትን ሁሉ ጻፉ። ምን ዓይነት ሕንፃ ነበር? ስንት ወለል? ስትገቡ ሥራው ምን ላይ ደርሶ ነበር፣ ስትወጡስ? ምን ለካችሁ፣ ምን ቼክ አደረጋችሁ፣ ማን አረመላችሁ? «ኢንተርንሺፕ ሠርቻለሁ» የሚለው ለአንባቢው ምንም አይነግረውም። «ጂ+4 (ከምድር ቤቱ በላይ አራት ወለል ያለው) ሕንፃ ላይ ከፉቲንግ (ከመሠረቱ) እስከ ሁለተኛው ወለል ስላብ ድረስ ከኮንክሪት ሙሌት በፊት ፌሮውን ከድሮዊንጉ ጋር እያመሳከርኩ ቼክ አድርጌያለሁ፣ ለሁለት ክፍያ ቴክኦፍ ሺት (የተሠራው ሥራ መጠን የሚሰላበት ቅጽ) አዘጋጅቻለሁ» ስትሉ ግን ቀጣሪው ሳይት ላይ ቆማችሁ ያያችኋል። ስላምፕ ቴስት (የእርጥብ ኮንክሪት ቅጥነት መለኪያ) ከሠራችሁ፣ ኪዩብ (የኮንክሪት ናሙና) ወስዳችሁ የ7 እና የ28 ቀን የጥንካሬ ውጤት ከተከታተላችሁ ጻፉት። ያልነካችሁትን ግን በፍጹም አትጻፉ፣ ኢንተርቪው ላይ «ስላምፑ ስንት መጣ?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሳይት ላይ ፌሮ፣ ካሳፎርማ፣ ሶሌታ እያልን ነው የምንግባባው። ሲቪው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ድሮዊንጉ ላይ ያለውን ስም ተጠቀሙ፦ ሪባር፣ ፎርምዎርክ፣ ስላብ።

ሶፍትዌር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኦቶካድ፣ ኢታብስ፣ ሴፍ፣ ሬቪት፣ ሲቪል ስሪዲ፣ ፕሪማቬራ፣ ሁሉንም ደርድሮ አጠገባቸው «በጣም ጥሩ» ይላል። አምስት ዓመት የሠራ ሰው እንኳ ሁሉንም በጣም ጥሩ አይችልም። ሦስት ብቻ ምረጡና በእያንዳንዱ የሠራችሁትን ጻፉ፦ በኢታብስ ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ የጂ+7 ሕንፃ ፍሬም አናላይዝ አድርጌያለሁ፣ ዓይነት። ዲዛይን ሠርቻለሁ ካላችሁ ደግሞ በየትኛው ኮድ እንደሠራችሁ ጥቀሱ። በድሮው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ በኢቢሲኤስ 1995 ነው ወይስ በተተካው በኢኤስ ኢኤን 2015? አንባቢው ዲዛይነር ከሆነ ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ሲቪ ለሁሉም ቦታ አትላኩ። ኮንትራክተር ኳንቲቲ (የሥራና የዕቃ መጠን) የሚያወጣለት፣ ክፍያ የሚያዘጋጅለት፣ ዕቃ ሳያልቅ ቀድሞ የሚጠይቅለት ሰው ነው የሚፈልገው። ኮንሰልታንት ደግሞ ድሮዊንግ አንብቦ ስህተት የሚያገኝ ሰው። ሥራችሁ ያው ነው፣ ግን ለእያንዳንዱ የትኛውን መስመር ከላይ እንደምታስቀምጡ አስቡበት። የምታወዳድሩት ከሥራ ማስታወቂያው ጋር ነው፣ እሱን ሁለት ሦስት ጊዜ አንብቡት።

አሁን ደግሞ ዓመተ ምህረት! ይሄ ትንሽ ይመስላል ግን ሰው ይጎዳል። «የተመረቅኩት 2016» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ሲቪ ላይ ከጻፋችሁ፣ በተለይ የውጭ ድርጅት ሲያነበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚወስደው፣ ያኔ ከእውነተኛው ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት ቀድማችሁ ተመርቃችሁ ያለ ሥራ የተቀመጣችሁ ትመስላላችሁ። ሁሉንም ቀን በአንድ አቆጣጠር አድርጉና የትኛው እንደሆነ ጻፉ። ስማችሁም እንደዚሁ ነው። ዲግሪው ላይ፣ መታወቂያው ላይና ሲቪው ላይ ያለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ አንድ ይሁን፣ አንዲት ፊደል ስትለይ እንኳ ማስረጃ ሲጣራ ጣጣ ታመጣለች።

የቀረው ቀላል ነው። ለጀማሪ አንድ ገጽ ይበቃል። ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ቁመት አያስፈልግም። ውጤታችሁ ጥሩ ከሆነ ወይም ማስታወቂያው ከጠየቀ ሲጂፒኤ ጻፉ፣ የመውጫ ፈተና ማለፋችሁንም አንድ መስመር ላይ። ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጉና ስማችሁንና የምታመለክቱበትን ቦታ ስሙ አድርጉለት፣ «ሲቪ ኒው ፋይናል 2» የሚል ፋይል ከመቶ ሌላ ሲቪ መሃል ማን ያገኘዋል? ሬፈረንስ የምታደርጉትን ሰው ደግሞ አስቀድማችሁ ደውሉለት። ትልቅ ማዕረግ ያለው ግን የማያስታውሳችሁ ሰው ሳይሆን፣ በየቀኑ ሥራችሁን ያየ ረዚደንት ኢንጂነር (ሳይት ላይ ሆኖ ሥራውን የሚቆጣጠር መሐንዲስ) ይሻላል።

ከመላካችሁ በፊት ሳይት ላይ አብሯችሁ ለነበረ ጓደኛ አስነብቡት። እንግሊዝኛውን እንዲያርም አይደለም። «እንዴ፣ ያን ቀን ያገኘኸውን የፌሮ ስህተት እኮ አልጻፍከውም!» እንዲላችሁ ነው።