ከቤት ሆነው ለሚሠሩ፦ በእምነት ምክንያት ከክትባት ግዴታ ነጻ ለመሆን እንዴት ያመለክታሉ?

አሜሪካ ውስጥ ከቤትዎ ሆነው እየሠሩ ሳለ መሥሪያ ቤትዎ ሠራተኛ ሁሉ እንዲከተብ ቢያዝና እምነትዎ ይህን ባይፈቅድልዎ፣ አስቀድመው ማወቅ ያለብዎት ጉዳዩ የሕክምና ክርክር አለመሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ፣ ከባድ ሸክም ካልሆነበት በቀር፣ የሠራተኛውን ሃይማኖታዊ ግዴታ እንዲያስተናግድ ያዛል። ክትባቱ ይጎዳኛል ወይም መንግሥት በሰውነቴ አያገባውም የሚል ሐሳብ በዚህ ሕግ አይጠበቅም፤ እንዲህ ያለውን ሐሳብ ከእምነት ጋር የሚያደባልቅ ማመልከቻም ራሱን ያዳክማል።

ስለዚህ ለሰው ኃይል ክፍሉ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ አንድ ገጽ ይበቃል። «እምነቴ ስለማይፈቅድልኝ ከክትባቱ ግዴታ ነጻ እንድሆን እጠይቃለሁ» ብለው ይጀምሩና የትኛው እምነትዎ፣ እንዴት እንደሚከለክልዎ በራስዎ ቃል ያስረዱ። በቴሌግራም የሚዞር ደብዳቤ ገልብጦ መላክ የእምነትዎን እውነተኛነት ጥርጣሬ ላይ ይጥላል። የንስሐ አባትዎ ደብዳቤ ቢኖር ይረዳል እንጂ ግዴታ አይደለም፤ የደብርዎ ምእመናን ቢከተቡም ሕጉ የሚያየው የእርስዎን የልብ እምነት ነው። ከዚህ በፊት ሌላ ክትባት ወስደው ከሆነ ግን መጠየቅዎ ስለማይቀር፣ ልዩነቱን ሳይጠየቁ ይግለጹ።

ከቤት የሚሠራ ሰው ትልቁ አቅም ያለው «ከባድ ሸክም» በሚለው ቃል ላይ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 እሑድ አልሠራም ባለ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ፣ አሠሪው ጥቂት ወጪ ጠቅሶ ማምለጥ እንደማይችልና ጫናው ከሥራው አንጻር በእርግጥ ከባድ መሆኑን ማሳየት እንዳለበት ወስኗል። እንግዲህ የቀን መቁጠሪያዎን ይክፈቱና ባለፈው ዓመት ስንት ቀን ቢሮ እንደገቡ፣ ስንት ደንበኛ በአካል እንዳገኙ ቆጥረው በማመልከቻዎ ላይ ያስፍሩ፤ ቁጥሩ ዜሮ ከሆነም ዜሮ ብለው ይጻፉ። አልፎ አልፎ በአካል የሚገኙበት ስብሰባ ካለ አይደብቁ፤ በቪዲዮ ለመካፈል ወይም ተመርምረው ለመግባት ፈቃደኛ መሆንዎን ይግለጹ። እ.ኤ.አ. በ2024 ቴነሲ ውስጥ ከቤቷ ትሠራ የነበረች፣ ባለመከተቧ የተባረረች አንዲት ተመራማሪ ከ680 ሺህ ዶላር በላይ እንዲከፈላት ጁሪ ወስኖላታል፤ ይሁንና የእያንዳንዱ ጉዳይ ውጤት በማስረጃው ይለያያልና ይህን እንደ ዋስትና አልቆጥረውም።

የላኩትንና የተቀበሉትን ሁሉ ቅጂ ይያዙ፤ በተሰናበቱ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ሊዘጋብዎ ይችላል። ከተከለከሉ አቤቱታው የሚቀርበው ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ሲሆን፣ ጊዜው 180 ቀን፣ የግዛቱ የራሱ መሥሪያ ቤት ተመሳሳይ ሕግ በሚያስፈጽምበት ቦታ ደግሞ 300 ቀን ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ በ45 ቀን ውስጥ የመሥሪያ ቤትዎን የእኩል ዕድል አማካሪ ማነጋገር ይኖርብዎታል። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ይግባኝ እየጠበቁ ቢሆንም ቀኑ በአብዛኛው መቆጠሩን አያቆምም።