«ወረቀቱን በኋላ እናስተካክለዋለን» ሲሏችሁ፦ የመስመር ዝርጋታ ቫሪዬሽን አያያዝ

ኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ ላይ የሠራ ሰው ቫሪዬሽን (በውሉ በተያዘው ሥራ ላይ የሚደረግ ለውጥ) ሲታዘዝ የምትነገረውን ይቺን አባባል ያውቃታል። «አንተ ዝም ብለህ ሥራው፣ ወረቀቱን በኋላ እናስተካክለዋለን።» እኔ ሁለት ጊዜ ተበልቼባታለሁ።

አንዱን ልንገራችሁ። የ33 ኪሎ ቮልት መስመር ስንዘረጋ መንገዱ ላይ ካሳ ያልተከፈለበት ባህር ዛፍ ገጠመን። ባለቤቱ አላስነካም አለ፣ እውነቱንም ነው። ሱፐርቫይዘሩ በእጁ እየጠቆመ «በዚያ በኩል አዙሩት» አለን፣ አዞርነው። ክፍያ ስንጠይቅ ግን ሰውዬው ወደ ሌላ ፕሮጀክት ተዛውሯል፣ የተተካው ደግሞ ድሮዊንጉን ዘርግቶ «እዚህ ጋ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ ማን አጥፉት አላችሁ?» አለን። ምን ይባላል?

ስለዚህ የቃል ትዕዛዝ በመጣበት ቀን ደብዳቤ ጻፉ። ውላችሁ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የፊዲክ (የዓለም አቀፍ አማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) ቀይ መጽሐፍ፣ ማለትም በመደበኛ የግንባታ ውሉ፣ የሚመራ ከሆነ አንቀጽ 3.3 ይጠቅማችኋል። አማካሪ መሐንዲሱ በቃል ያዘዛችሁን በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካረጋገጣችሁለትና እሱ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ፣ የእናንተው ደብዳቤ እንደ ጽሑፍ ትዕዛዝ ይቆጠራል። ሌላ ዓይነት ውል ካላችሁ ውላችሁን ሳታነቡ አትገምቱ።

ደብዳቤው መርዘም የለበትም። «ዛሬ ጠዋት በሰጡን የቃል ትዕዛዝ መሠረት ከፖል ቁጥር 41 እስከ 47 ያለውን መስመር ወደ ምሥራቅ እያዞርን ነው። ተጨማሪ ወጪና ጊዜ ስለሚያስከትል ዝርዝሩን እናቀርባለን።» በቃ። መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ኮፒው ላይ ማኅተም አስመቱ። የቴሌግራም መልእክት ለማስታወሻ ጥሩ ነው፣ ደብዳቤን ግን አይተካም። እኛ አገር ችግሩ ይሉኝታ ነው፣ ደብዳቤ መጻፍ ጠብ መፈለግ ይመስላል። ቀድማችሁ ቡና ላይ ንገሩት፦ «ደብዳቤ ልልክልህ ነው፣ ነገ ኦዲተር ሲመጣ ላንተም መከላከያ ነው።» አብዛኛው ሰው ይገባዋል።

ዋጋው ላይ ደግሞ ብዙዎቻችን ራሳችንን እንጎዳለን። መስመር ሲዞር የተጨመረውን የሽቦ ሜትር ብቻ ቆጥረን እንልካለን። ቀጥ ያለው መስመር ሲታጠፍ እኮ እያንዳንዱ መታጠፊያ ጠንከር ያለ ፖል፣ ስቴይ (ፖሉን ወጥሮ የሚይዝ ሽቦ)፣ የተለየ ኢንሱሌተር (ኤሌክትሪክ ወደ ፖሉ እንዳያልፍ የሚከላከል ዕቃ) ይፈልጋል። መኪና የማይገባበት ከሆነ ፖሉን በሰው ማስጎተት አለ፣ መንገዱ እስኪወሰን ቁጭ ያለ ሠራተኛም አበል ይበላል። ቢኦኪው (የሥራ መጠንና የነጠላ ዋጋ ዝርዝሩ) ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ ካለ በዚያው ነጠላ ዋጋ አስሉ፤ ከሌለ ማቴሪያሉን፣ ጉልበቱን፣ ማሽኑን፣ ኦቨርሄዱን (የአስተዳደር ወጪውን) እና ትርፉን ለያይታችሁ አቅርቡ። የሚያስፈልጋችሁን ተጨማሪ ቀንም አብራችሁ ጠይቁ፣ አለበለዚያ የታዘዛችሁትን ሠርታችሁ የመዘግየት ቅጣት ትከፍላላችሁ።

አለት ሲያጋጥም ነገሩ የባሰ ነው። ቢኦኪው የሚያውቀው ተራ አፈር ብቻ ከሆነ ቁፋሮውን አቁሙ። ሜትር ጉድጓዱ ውስጥ አስገቡ፣ የፖሉን ቁጥር ካርቶን ላይ ጽፋችሁ አጠገቡ አድርጉ፣ ፎቶ አንሱ፣ ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ለክታችሁ ያኔውኑ ተፈራረሙ። ፖሉ ከቆመና አፈር ከተመለሰ በኋላ ከሥር አለት ነበር ብሎ ማሳመን ዘበት ነው።

ሁሉንም አንድ ኤክሴል ላይ መዝግቡ፤ ቀኑን፣ ማን እንዳዘዘ፣ የፖል ቁጥሩን፣ ግምታዊ ዋጋውንና የት እንደደረሰ። በዚያው በ1999ኙ ፊዲክ ክሌም (የተጨማሪ ክፍያ ወይም ጊዜ ጥያቄ) ካላችሁ ነገሩን ካወቃችሁበት ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለባችሁ። ካለፈ አለፈ። በየሳምንቱ ስታዩት «እስካሁን ምን አወጣን» ብቻ ሳይሆን «ለመጨረስ ስንት ይቀረናል» በሉ። ያልጸደቀን ቫሪዬሽን እንደ ገቢ የሚቆጥር ሥራ አስኪያጅ ትርፍ ላይ ያለ ይመስለዋል፣ ደመወዝ መክፈል ሲያቅተው ነው የሚነቃው።

የምንዛሪ ነገር ግን ቫሪዬሽን አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ፣ ትራንስፎርመርና ኮንዳክተር (የመስመር ሽቦ) ከውጭ የሚያስመጣ ሁሉ ራሱን ያዘ። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚሄደው ውሉ ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ካለ በዚያ በኩል ነው። ከመስመር ማዞር ጋር ቀላቅላችሁ ካቀረባችሁት ሁለቱንም ይመልሱባችኋል።

ትዕዛዙ ትልቅ ሆኖ ሰውዬው ወረቀት አልሰጥም ካለስ? አትጣሉ። ሠራተኛውን ወደ ሌላ ስፓን (በሁለት ፖሎች መካከል ያለ የመስመር ክፍል) አዙሩት፣ ጭቅጭቅ የሌለበት ሥራ አይጠፋም። እኛም ያኔ ከፖል 47 ወዲያ ባዶ ሜዳ ነበረልን።