እሁድ ጠዋት ከባልዲና ከሰም ጋር

ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ መኪናዬን ሳሽሞነሙን ጎረቤቶቼ «ላቫጆ ጠፍቶ ነው?» ይሉኛል። ላቫጆ መች ጠፋ፣ ሱሱ ነው እንጂ።

ጥላ ውስጥ አቁሙና ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት፤ ከጋለ፣ ቀለሙን እንዲጠብቅ የምትቀቡት የመኪና ሰም ቶሎ ይደርቅና አልለቅም ይላል። ሁለት ባልዲ ያዙ፤ አንዱ ለመኪና ሻምፖ፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቂያ። የግንባታው አቧራ አሸዋ አለበት፣ ሳታለቀልቁ ብትፈትጉ ቀለሙን ትጭሩታላችሁ። ላርጎ ይቅርባችሁ፣ የድሮውን ሰም ያነሳዋል።

ሲደርቅ እጃችሁን ፌስታል ውስጥ ከታችሁ ቀለሙን ዳበስ አድርጉት። ከሻከረ ገና አልጠራም።

ሰሙ ስስ ይሁን! እኔ መጀመሪያ ጊዜ ፀጉር ላይ ቅቤ እንደሚደረገው ለድፌው፣ እስከ ማታ ስፈትግ ዋልኩ፣ ክንዴ ሊገነጠል ምንም አልቀረውም። ትንሽ በስፖንጅ ይዛችሁ አንድ በር ብቻ ቀቡ፣ ጭጋግ መስሎ ሲደርቅ በጣት ሞክሩት፤ ካልተዝረከረከ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጥረጉና ወደሚቀጥለው እለፉ። ጥቁሩን ፕላስቲክ እንዳይነካ፣ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነንና ፀሐያችን ቀለም ትበላለች፤ ጣሪያውንና ኮፈኑን ደገም አድርጉት። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጥል ውሃው እንደ ጨሌ ከተንከባለለ ሰሙ ይዟል። ከተዘረጋ እንደገና ባልዲ አንሱ።