ሚኒሶታ ውስጥ ቤት ሲያከራዩ ኢንሹራንስ ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አካባቢ መጀመሪያ የገዙትን ቤት ሳይሸጡ ሌላ ቤት ገዝተው የሚገቡ ወገኖች ብዙ ናቸው። የድሮው ቤት ይከራያል፤ ኢንሹራንሱ ግን እንደነበረ ይቀጥላል። ክፍያው በየወሩ ከሞርጌጁ ጋር ስለሚወጣ ማንም አያስታውሰውም። የመጀመሪያው ስህተት ይህ ነው። ኤችኦ-3 የሚባለው የመኖሪያ ቤት ፖሊሲ የተጻፈው ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት ነው። ተከራይ እያለበት አደጋ ቢደርስ ኩባንያው ካሳውን ሊከለክል ይችላል። ተከራዩ ከመግባቱ በፊት ለኤጀንትዎ ይደውሉና ወደ አከራይ ፖሊሲ ያስቀይሩ። ዱፕሌክስ ገዝተው በአንዱ ወገን እየኖሩ ሌላውን የሚያከራዩ ከሆነ በአብዛኛው በባለቤት ፖሊሲ መቆየት ይቻላል፤ ማከራየትዎን ግን በጽሑፍ ያሳውቁ።

ሁለተኛው፣ ርካሹን መምረጥ ነው። የአከራይ ፖሊሲ ዲፒ-1፣ ዲፒ-2 እና ዲፒ-3 ተብሎ ይከፈላል። ዲፒ-1 እሳትንና ጥቂት የተዘረዘሩ አደጋዎችን ብቻ ይሸፍናል። በረዶ ጣራ ላይ ተከምሮ በክብደቱ ቢያፈርሰው ወይም ቧንቧ ቀዝቅዞ ቢፈነዳ፣ እነዚህ በመደበኛው ዲፒ-1 ዝርዝር ውስጥ የሉም። የሚከፍለውንም የሚያሰላው እርጅና ተቀንሶ ነው። ዲፒ-2 የበረዶ ክብደትንና የቧንቧ መቀዝቀዝን በስም ጠርቶ ያስገባል። ዲፒ-3 ደግሞ ለሕንፃው፣ ተለይቶ ከተከለከለው በቀር ሌላውን አደጋ ሁሉ ይሸፍናል። ለሚኒሶታ ብርድ ዲፒ-3 ይግዙ፤ በአረቦን የሚቆጥቡት ገንዘብ የአንድ ቧንቧ ጥገና አይሸፍንም።

ዲፒ-3 ስላለኝ ተገላገልኩ ማለት ግን ከሁሉ የከፋውን ስህተት ይወልዳል። እሱም በብርድ ወራት ባዶ የቀረ ቤት ነው።

ነገሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ተከራዩ በኖቬምበር መጨረሻ ይወጣል። ባለቤቱ ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት የሚሄድበትን ቲኬት ቆርጧል፤ አዲስ ተከራይ ሲመለስ ይፈልጋል። ለባዶ ቤት ጋዝ መክፈል ያንገበግበዋልና ማሞቂያውን ያጠፋዋል። ወይም የጋዙ ሂሳብ በተከራዩ ስም ነበርና ተከራዩ ሲወጣ ያዘጋዋል፤ ይህን ባለቤቱ አያውቅም። ከዚያ ጃንዋሪ ይመጣል። በጃንዋሪ 30፣ 2019 ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ፋረንሃይት ገብታ ነበር። የብርድ መከላከያ ያልተጠቀለለበት ቧንቧ ደግሞ ውጭው ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ ጀምሮ አደጋ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚቀዘቅዘው በውጭው ግድግዳ በኩል የሚያልፈው የኩሽና መታጠቢያ ቧንቧ ነው። ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ በ9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። በረዶው ቧንቧውን ይደፍንና ፊት ለፊቱ ያለውን ውኃ ወደ ተዘጋው መክፈቻ ይገፋዋል። ግፊቱ መውጫ ሲያጣ ቧንቧው ይሰነጠቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀውም በረዶው ካለበት ቦታ ራቅ ብሎ ነው። በዚያን ቀን ጠብታ አይታይም። ብርዱ ሲላላና በረዶው ሲቀልጥ ውኃው ያለማቋረጥ መፍሰስ ይጀምራል፤ ቤት ውስጥ የሚሰማ ሰው የለም። ኮርኒሱ ይወድቃል፣ የእንጨት ወለሉ ያብጣል፣ ቤዝመንቱ ይሞላል።

ጉዳቱን ለመገመት የሚመጣው አጃስተር በመጀመሪያ የሚጠይቀው ቴርሞስታቱ ስንት ላይ እንደነበርና የጋዝ ሂሳቡን ነው። በመደበኛው ዲፒ-3 የቧንቧ መቀዝቀዝ የሚካሰው ከሁለት አንዱ ከተደረገ ነው፦ ወይ ቤቱ እንዲሞቅ ተገቢው ጥንቃቄ ተደርጎ ነበር፣ ወይ ውኃው ተዘግቶ ከመስመሩና ከዕቃዎቹ ሁሉ ተንጠፍጥፎ ነበር። ከሁለቱ አንዱንም ያላደረገ ሰው የሚጠይቀው ካሳ የለውም። ሌላም ገደብ አለ፦ ቤቱ ተከታታይ 60 ቀን ሰውም ዕቃም ሳይኖርበት ከቆየ፣ ሆን ተብሎ የደረሰ ጥፋት ከሽፋኑ ይወጣል፤ በአንዳንድ ፖሊሲ የቧንቧ ውኃ መፍሰስም እንዲሁ። አንዳንድ ኩባንያ 30 ቀን ይላል። ቆጠራው የሚጀምረው ተከራዩ የመጨረሻውን ዕቃ ካወጣበት ቀን ነው፤ ስለዚህ ከታኅሣሥ ጉዞ መልስ ገደቡ አልፎ ሊያገኙት ይችላሉ።

ከመሄድዎ በፊት ለኤጀንትዎ በኢሜይል፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን ሽፋኑ ስንት ቀን እንደሚቆይ ይጠይቁ፤ ካስፈለገም የባዶ ቤት ተጨማሪ ሽፋን ያስገቡ። ጋዙን በስምዎ ያዙሩ። ቴርሞስታቱን ከ55 ዲግሪ በታች አያውርዱ፤ 60 ይሻላል። በኩሽናና በመታጠቢያ ቤት ከቧንቧው ሥር ያሉትን ቁም ሣጥኖች ከፍተው ይተዉ። ቤዝመንት ያለውን የዋናውን ውኃ መዝጊያ ይዝጉና ከላይኛውም ከታችኛውም ፎቅ ቧንቧዎቹን ከፍተው ያንጠፍጥፉ፣ የሽንት ቤቱንም ውኃ ይልቀቁ። ውኃ ማሞቂያውን የሚያንጠፈጥፉ ከሆነ መጀመሪያ የእሱን ጋዝ ብቻ ያጥፉ። ቤቱ በቦይለርና በራዲያተር የሚሞቅ የድሮ ቤት ከሆነ ግን በሞቀ አየር እንደሚሞቅ የፈርነስ ቤት አይዩት። ራዲያተሩ ውስጥም ውኃ አለ፤ የቧንቧውን መስመር ማንጠፍጠፍ እሱን አያድነውም። እዚያ ቤት ማሞቂያው መጥፋት የለበትም። ቁልፉን ለሚያምኑት ሰው ሰጥተው በሁለት ሦስት ቀን አንዴ ገብቶ ቴርሞስታቱን ፎቶ እያነሳ ይላክልዎ። ቀኑ የሚታይበት ፎቶ በክርክር ጊዜ ከቃል ይበልጣል።

ውኃ ሁሉ አንድ የሚመስለው ሰውም ይጎዳል። ከፍሳሽ መስመር ወደ ቤዝመንት የሚመለስ ውኃ በመደበኛው ፖሊሲ ውስጥ የለም፤ ራሱን የቻለ ተጨማሪ ሽፋን ይገዛለታል። በማርችና ኤፕሪል በረዶ ቀልጦ ከውጭ የሚገባው ደግሞ ጎርፍ ነው፤ እሱም ለብቻው ነው። በኤፕሪል 1997 ሬድ ሪቨር የተባለው ወንዝ የሰሜን ዳኮታዋን ከተማ ግራንድ ፎርክስን ሲያጥለቀልቅ የጎርፍ ኢንሹራንስ ያልነበራቸው ባለቤቶች ብዙ ነበሩ። የፌደራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ከአንድ እስከ አራት ቤተሰብ ለሚኖርበት ሕንፃ እስከ 250,000 ዶላር ይሸፍናል፤ በአብዛኛው ግን ሥራ የሚጀምረው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ነው። ወንዙ ሲሞላ ቢደውሉ አይደርስም።

አሸንዳው ጫፍ ላይ የሚጋገረው በረዶ ውኃውን ወደ ኋላ መልሶ ከጣራው ክዳን ሥር ያስገባዋል። ምክንያቱ ሙቀት ከቤቱ ወደ አቲክ፣ ከጣራው ሥር ወዳለው ባዶ ቦታ፣ ማምለጡ ነው። ያበላሸውን ኮርኒስ ዲፒ-3 በአብዛኛው ይከፍላል፤ ሙቀት እንዳያመልጥ አቲኩን መሸፈኑ ግን የእርስዎ ሥራ ነው።

የሽፋኑን መጠን በሽያጭ ዋጋ ማስላትም የተለመደ ስህተት ነው። የሚፈለገው ቤቱን እንደገና ለመሥራት የሚወጣው ገንዘብ ነው። መልሶ መሥሪያው 400,000 ዶላር ከሆነ ብዙ ፖሊሲ ቢያንስ 80 በመቶውን፣ 320,000 ዶላር፣ እንዲያስገቡ ይጠይቃል። 240,000 ብቻ አስገብተው የ40,000 ጉዳት ቢደርስ ስሌቱ ሦስት አራተኛውን፣ 30,000 ዶላር ይሰጥዎታል። እርጅና የተቀነሰበት ዋጋ ከዚህ ከበለጠ እሱ ይከፈላል፤ ዲዳክተብሉ፣ ማለትም ከጉዳቱ እርስዎ ራስዎ የሚችሉት ድርሻ፣ ደግሞ ከዚያ ላይ ይቀነሳል።

ዲዳክተብሉን ራሱን ያንብቡት። ለነፋስና ለጠጠር በረዶ በመቶኛ ከተጻፈ፣ 2 በመቶ ከ300,000 ዶላር 6,000 ዶላር ነው።

የተጠያቂነት ሽፋን በዲፒ ውስጥ በራሱ አይመጣም፤ በተጨማሪ ይገዛል። አንድ ሰው ደጃፍዎ ላይ አንሸራቶት ዳሌው ቢሰበር የሚከስሰው እርስዎን ነው። ሚኒያፖሊስ ከተማ በረዶው ካቆመ በኋላ የነጠላ ቤትና የዱፕሌክስ የእግረኛ መንገድ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲጠረግ ያዛል። በኪራይ ውሉ ላይ ተከራይ ይጥረግ ብሎ መጻፍ ከተማው ባለቤቱን ከመጠየቅ አያግደውም። የተጠያቂነት ሽፋኑን ከ300,000 ዶላር በታች አይግዙ፤ ሀብት ያለው ሰው 1,000,000 ይያዝ።

ቤቱን ወደ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) ካዛወሩ ፖሊሲውም በዚያው ስም ይሁን። ለተከራዩ ሶፋና ቴሌቪዥን የእርስዎ ፖሊሲ አይከፍልም፤ የተከራይ ኢንሹራንስ እንዲገዛ በውሉ ላይ ያስገቡ። የኪራይ ገቢ ሽፋንም ቢያንስ ለ12 ወር ይሁን። ተከራይ ሳይከፍል ቢቀር ይሸፍነኛል ብለው ግን አይጠብቁ፤ የሚከፍለው ቤቱ በተሸፈነ አደጋ ሰው የማይኖርበት ሲሆን ብቻ ነው።

አደጋው ከደረሰ ውኃውን ዘግተው፣ ሁሉንም ፎቶ አንስተው ወዲያው ማድረቅ ይጀምሩ፤ ጉዳቱ እንዳይባባስ መከላከል የውሉ ግዴታ ነው። የቧንቧ ሠራተኛው ቆርጦ ያወጣውን የተሰነጠቀ ቧንቧ ግን እንዳይጥለው ይንገሩት። አጃስተሩ እስኪያየው ድረስ ላስቲክ ውስጥ ከቶ ያስቀምጥልዎ።