ከጣና ዳር ሆኖ የኦስካር እጩዎችን መገመት

የኦስካር እጩዎች ስም ሎስ አንጀለስ ገና ሳይነጋ፣ በእኛ ሰዓት ግን ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይነበባል። በ2016፣ በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ቀኑ ጥር 14 ወይም 15 ላይ ውሏል። ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕር ተመልሰው ባሕር ዳር ከግርግሩ የምታርፍበት ሰሞን ነው። ሐይቁ ዳር ካፌ ተሰብስባችሁ በቡና ወይም በአንድ ትሪ አሳ የምትወራረዱ ከሆነ ለጨዋታው ከዚህ የተመቸ ሰዓት አይገኝም፤ ሌሊት መነሳት የለ፣ ከሥራ መቅረት የለ።

ግምት የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከመነሻው ነው። ሰው ዓመቱን ሙሉ ፊልም አይቶ የወደዳቸውን አምስት ይጽፍና ዝርዝሩ ሲወጣ ሁለቱን ያገኛል። የጠየቀው ጥያቄ «የቱ ፊልም ጥሩ ነው?» የሚል ስለነበር ነው። መጠየቅ የነበረበት «ይህን ፊልም ወረቀቱ ላይ አንደኛ አድርጎ የሚጽፍ ስንት መራጭ አለ?» ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማየት ቆጠራውን አንድ ጊዜ በእጅ መሥራት ያስፈልጋል።

ሐይቁ ዳር 24 ሰው ለምሳ ተቀመጠ እንበል። ወጥ ቤቱ የሚሠራው ሦስት ዓይነት አሳ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሰው የሚፈልገውን በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ይጽፋል። አንደኛ ተብለው የተጻፉት ሲቆጠሩ ጥብስ 8፣ ጉላሽ 6፣ ዱለት 5፣ ኮተሌት 4፣ ሾርባ 1 አገኙ። የቀሩት 23 ሰዎች ግን ሾርባን ሁለተኛ ብለው ጽፈዋል፤ ሾርባ የሚጠላ የለም ማለት ነው። አሁን ማለፊያ ቁጥሩን እናውጣ። መቀመጫው፣ ማለትም የሚሠራው የአሳ ዓይነት፣ 3 ነው፣ አንድ ሲጨመር 4፤ 24 ለ4 ሲካፈል 6፤ በላዩ አንድ ስንጨምር 7። ጥብስ 8 ስላለው አለፈ። ሌላ 7 የሞላ ስለሌለ ትንሹ ይወድቃል፣ እሱም ሾርባ ነው። የሾርባዋ አንዲት ወረቀት ሁለተኛ ላይ ወደጻፈችው ወደ ጉላሽ ትሄዳለች፤ ጉላሽ 7 ሞላና አለፈ። ለቀረችው አንድ መቀመጫ ዱለት 5፣ ኮተሌት 4 ይዘዋል። ኮተሌት ወደቀ፣ ዱለት ገባ። ሁሉም ሰው የወደደው ሾርባ መጀመሪያ ተባረረ፤ ከ24 ሰው 5ቱ ብቻ አንደኛ ያሉት ዱለት ማዕድ ላይ ቀረበ።

ኦስካር እጩ የሚመርጠው በመሠረቱ እንዲህ ነው። እውነተኛው ሕግ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል፤ አንዱ እጩ ከማለፊያው ቁጥር በጣም ከዘለለ ትርፉ በክፍልፋይ ወደ ሁለተኛ ምርጫዎች ይተላለፋል። ለግምት ሥራ ግን ከላይ ያለው ይበቃል። ጨዋታውን ለሚጀምሩ ጓደኞቻችሁ ይህንን በወረቀት ቁራጭ አሠሯቸው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ «ሁሉም ሰው እየወደደው እንዴት ቀረ?» የሚለውን የየዓመቱን ክርክር ግን ይዘጋዋል።

ቀጥሎ መራጩ ማን እንደሆነ ማወቅ ነው። ኦስካርን የሚሰጠው የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ከ10 ሺህ በላይ ድምፅ ሰጪ አባላት አሉት፤ ሁሉም በአንድ ላይ እጩ የሚያቀርቡት ግን ለምርጥ ፊልም ነው። በሌሎቹ አብዛኞቹ ዘርፎች የሚጠቁመው የየሙያው ቅርንጫፍ ነው፦ ተዋናይን ተዋናይ፣ ዳይሬክተርን ዳይሬክተር፣ ኤዲተርን ኤዲተር። ትልቁ ቅርንጫፍ የተዋንያን ሲሆን 1,300 ያህል አባላት አሉት። ሁሉም ድምፅ ቢሰጡ እንኳ 1,300 ለ6 ተካፍሎ አንድ ሲጨመርበት 217 ገደማ ይመጣል። አንድ ተዋናይ እጩ ለመሆን ይኼው ይበቃዋል። በ2023 እ.ኤ.አ. አንድሪያ ራይዝቦሮ እዚህ ግባ የሚባል ገቢ ባላገኘ ትንሽ ፊልም፣ ከኦስካር ቀድመው ከሚሰጡት ትልልቅ ሽልማቶች በአንዱም እጩ ሳትሆን የገባችው በዚህ ስሌት ነው። ባልደረቦቿ ተጠራርተው ስሟን አንደኛ ላይ አሰፈሩላት። ለምርጥ ፊልም መቀመጫው ከ2022ቱ ሥነ ሥርዓት ጀምሮ 10 ሆኖ ጸንቷል። 9,900 ሰው ድምፅ ቢሰጥ ማለፊያው 901 ነው። ከመቶ ዘጠኝ ገደማ በሚሆን ሰው በጽኑ የተወደደ ፊልም ይገባል፤ ለብ ያለ ፊልም ውጭ ይቀራል።

አሁን ወደ ሥራው። ደብተር ወይም ኤክሴል ክፈቱና ስምንት ዘርፍ ያዙ፦ ምርጥ ፊልም 10፣ ዳይሬክተር 5፣ አራቱ የትወና ዘርፎች 20፣ ሁለቱ የድርሰት ዘርፎች 10። ድምሩ 45 ስም ነው። ለጀማሪ ከዚህ በላይ አትንኩ፤ ድምፅና ሜካፕ ውስጥ ከገባችሁ ትደክማላችሁ፣ ጨዋታውም ይሞታል።

ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም መጀመሪያ የቬኒስ፣ የቴሉራይድ እና የቶሮንቶ ፌስቲቫሎች ይካሄዳሉ። ግንቦት ላይ የካን ፌስቲቫል ያሳያቸውን ጨምራችሁ ለየዘርፉ 15 ያህል ስም መዝግቡ። እዚህ ደረጃ ላይ ማጣራት ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፦ ፊልሙ እስከ ታኅሣሥ 22፣ ማለትም በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ፣ አሜሪካ ሲኒማ ቤት ይገባል ወይ? ደንቡ ሎስ አንጀለስን ወይም ኒውዮርክን ከመሳሰሉ ስድስት የተወሰኑ አካባቢዎች በአንዱ ቢያንስ ለ7 ቀን እንዲታይ ያዛል። ፌስቲቫል ላይ የተጨበጨበለት ፊልም አከፋፋይ አጥቶ ወደሚቀጥለው ዓመት ሲገፋ ግማሽ ዝርዝራችሁ አብሮ ይወድቃል።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ጎልደን ግሎብ የተባለው ሌላ ሽልማት እጩዎች ይወጣሉ። እሱን ቀዝቀዝ ብላችሁ እዩት። ድምፅ ሰጪዎቹ ጋዜጠኞች ናቸው፤ በዋና ተዋናይ ብቻ ድራማና ኮሜዲ ብሎ ከፍሎ 12 ስም ለ5 መቀመጫ ስለሚያቀርብ «ግሎብ ላይ ነበረ» ማለት ብዙም አያስኬድም። ጥቅሙ በተቃራኒው ነው፤ 12 ሰው ሲጠራ ያልተጠራን ተዋናይ ለማስገባት ጠንካራ ምክንያት ያስፈልጋችኋል። የተቺዎች ማኅበራትም እንደዚሁ ናቸው። ራሳቸው አይመርጡም፣ ግን መራጩ የትኛውን ፊልም ቀድሞ እንደሚከፍት ይወስናሉ።

ታኅሣሥ 7 ወይም 8 አካባቢ አካዳሚው ራሱ ለአንዳንድ ዘርፎች ማጣሪያ ዝርዝር ያወጣል፤ ለዓለም አቀፍ ፊልም 15፣ ለዘጋቢ ፊልም 15፣ ለሜካፕ 10፣ ለድምፅ 10። እነዚህን ዘርፎች ባትገምቱም ዝርዝሩን አንብቡት። ለምርጥ ፊልም ያሰባችሁት ትልቅ ሥራ ይገባው የነበረ ማጣሪያ ላይ ሁሉ ከቀረ፣ መራጮቹ አላዩትም ወይም አይተው አልወደዱትም ማለት ነው። ዓለም አቀፍ ፊልም ላይ እያንዳንዱ አገር አንድ ፊልም ብቻ ይልካል። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ስለ አበበ ቢቂላ የተሠራውን፣ በ2015 ደግሞ ካን የታየውን የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ልካለች፤ እስካሁን እጩ የሆነልን የለም። የእኛ ፊልም በተላከበት ዓመት ለልብ ሌላ ወረቀት፣ ለግምት ሌላ ወረቀት ያዙ።

ዋናው ሳምንት የገና ሳምንት ነው። የተዋንያን፣ የዳይሬክተሮች እና የፕሮዲውሰሮች ማኅበራት እጩዎቻቸውን በተቀራረቡ ቀናት ያወጣሉ። ከአባሎቻቸው መካከል የአካዳሚውም መራጮች የሆኑ ስላሉ ክብደት የሚሰጠው ለእነሱ ነው። ግን እንዳለ አትገልብጧቸው። የፕሮዲውሰሮቹ ማኅበር 10 ፊልም ያቀርባል። በ2024 እ.ኤ.አ. አሥሩም ኦስካር ላይ ገቡ፣ በ2025 ስምንቱ ብቻ። የወደቁት ሁለቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተሠሩ ፊልሞች ሲሆኑ፣ በቦታቸው ከገቡት አንዱ የብራዚል ፊልም ነበር። ስለዚህ ከአሥሩ ስምንቱን ያዙና ሁለቱን ለመተካት ተዘጋጁ፤ ከሚተኩት አንዱን ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ ፈልጉ።

የዳይሬክተሮች ዘርፍ ላይ ይኼ ነገር ይበረታል። ቅርንጫፉ ትንሽ ነው፣ ከአውሮፓና ከሌላም ዓለም የመጡ ደራሲ ዳይሬክተሮች ሞልተውበታል። የአሜሪካው የዳይሬክተሮች ማኅበር ግን በሺዎች የሚቆጠሩ የቴሌቪዥን ሠራተኞችንም ያቀፈ ነው። በ2024 ማኅበሩ ግሬታ ገርዊግንና አሌክሳንደር ፔይንን አጨ፤ ኦስካር ሁለቱንም ትቶ ፈረንሳዊቷን ጀስቲን ትሪየትንና እንግሊዛዊውን ጆናታን ግሌዘርን አስገባ። የገርዊግ «ባርቢ» በዚያ ዓመት የዓለም ሲኒማ ቤቶችን ያጥለቀለቀ ፊልም ስለነበር ብዙ ገማች እዚያ ላይ ተሸወደ። ከማኅበሩ አምስት ስሞች ሦስት ወይም አራት ያዙ፤ የቀረውን ከውጭ አምጡ። ሌላም መፈተሻ አለ፦ ከ2022 እስከ 2025 ባሉት አራት ዓመታት የታጩት ዳይሬክተሮች ፊልም በሙሉ ከምርጥ ፊልም አሥሩ ውስጥ ነበር። መጀመሪያ አሥሩን ጨርሱ፣ ከዚያ ዳይሬክተሮቹን ከውስጣቸው ልቀሙ።

ትወና ላይ የሚያደናግረው የዋናና የረዳት ነገር ነው። ስቱዲዮው «ይህች በረዳት ትቅረብልኝ» ብሎ ይቀሰቅሳል፣ መራጩ ግን የመሰለውን ይጽፋል። ስሙ በሁለቱም ዘርፍ ከተጻፈ ማለፊያውን ቀድሞ የሞላበት ይወስደዋል። በ2009 እ.ኤ.አ. ኬት ዊንስሌት በረዳትነት ስትቀሰቀስ ከርማ ኦስካር ላይ በዋና ተዋናይት ታጨች፣ አሸነፈችም። በ2021 ላኪት ስታንፊልድ በተቃራኒው ለዋና ታስቦ በረዳት ገባ። አንድ ተዋናይ በዓመቱ ሁለት ትልቅ ሚና ካለው ደግሞ እስከ 2026ቱ ሥነ ሥርዓት ድረስ በአንድ ዘርፍ በሁለቱም ሊታጭ አይችልም ነበር፤ ያም ሆነ ይህ የትኛው ፊልም እንደሚጠነክር አስቡ።

ድርሰት ላይ የጸሐፊዎቹን ማኅበር አትመኑ። በማኅበሩ ውል ያልተጻፉ ሥራዎችን ስለማይቀበል በየዓመቱ ጠንካራ ስክሪፕቶች ከውድድሩ ውጭ ይሆናሉ። ወጥ ነው ወይስ ከሌላ የተወሰደ የሚለውንም መጨረሻ የሚወስነው አካዳሚው ነው። «ባርቢ» ማኅበሩ ዘንድ ወጥ ተብሎ ኦስካር ላይ ወደ ተወሰደ ድርሰት ተዛውሯል። ጥር መጀመሪያ ላይ ዘርፉን ሳታረጋግጡ ስም አትጻፉ።

ድምፅ የሚሰጠው ለ5 ቀን ያህል ነው፤ በ2018 ዓ.ም. ከጥር 4 እስከ 8 ነበር። ከተዘጋ በኋላ የሚወጣ ዜና፣ ቅሌትም ይሁን ሽልማት፣ የመራጩን ወረቀት አይነካም። ሳጥኑ ሊከፈት ሲል ወይም ክፍት ሳለ የሆነ ነገር ግን ይነካል። በ2025 ብራዚላዊቷ ተዋናይት ፈርናንዳ ቶሬስ የተዋንያኑ ማኅበር አምስት ውስጥ አልነበረችም፤ ጎልደን ግሎብን ግን ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አሸንፋ መድረክ ላይ በመታየቷ ያላዩዋት መራጮች ፊልሟን ሳይከፍቱ አልቀሩም፣ ኦስካርም ላይ ገባች።

መጨረሻ ላይ ዝርዝራችሁን ስታጠሩ ድፍረትን በቁጥር ገድቡ። ከ45 ስም ውስጥ ቀዳሚዎቹ ማኅበራት ያልጠሩት ስም ከ6 ባይበልጥ ይሻላል። በየዘርፉ አንድ አንድ ያልተጠበቀ መጨመር የሚያጓጓ ነው፤ የሚጎዳውም እሱ ነው፣ ምክንያቱም ያልተጠበቀው በሁለት ወይም በሦስት ዘርፍ እንጂ በስምንቱም አይመጣም። ያልተጠበቀ ስም ስትጽፉ ጎኑ ላይ ማንን እንዳስወጣችሁለት ጻፉ። የሚወጣውን መጥራት ካቃታችሁ ግምቱ ምኞት ነው።

ነጥቡ ቀላል ይሁን፦ ለትክክለኛ ስም 1፣ ማኅበራቱ ላልጠሩት ትክክለኛ ስም 2። እኩል የወጡ ካሉ የምርጥ ፊልምን አሥር ይበልጥ ያገኘው ይቅደም። ግምቱ ጥር 13 ማታ በጋራ ቴሌግራም ግሩፕ ይላክ፤ ከዚያ በኋላ የተስተካከለ መልእክት አይቆጠርም። በዕለቱ መብራትና ኔትወርክ አብረው ሊጠፉ ስለሚችሉ ሁሉም ሰው የራሱን ዝርዝር በወረቀት ይዞ ይምጣ፣ አንድ ሰው ደግሞ ዳታ ሞልቶ ስልኩን ቻርጅ አድርጎ ይቀመጥ። ንባቡ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልቃል፣ ስሞቹም በፍጥነት ስለሚጠሩ አንዱ ያዳምጥ፣ አንዱ ምልክት ያድርግ። ከ36 ስም በላይ ያገኘ ሰው ካለ ጎበዝ ነው፤ አሳውን የሚከፍለው የመጨረሻው ይሁን።